የዱቄት ሙሽራ

«መልሺው! መልሺው! እዚያች ቦታ ላይ!»

የፊልሙ አዘጋጅ አለቃ ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ አስጠግቶ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከኋላው የቆሙት ሁለት ልጆችም እንባቸው እስኪመጣ ይንከተከታሉ። መቀስ መለሰችው። ላፕቶፑ ፊት የተቀመጠችው እሷ፣ ሌላ ምን ታድርግ? መቀስ የሚል ስም ያወጡላትም የክፍሉ ልጆች በስልክ የቀረጹትን ሁሉ እየቆረጠች የምትቀጥለው እሷ ስለሆነች ነው።

ስክሪኑ ጨለመ። ከዚያ ብርሃን ቦግ ሲል በዱቄት የነጣ የሴት ልጅ ፊት ብቅ አለ። ዱቄቱ ላይ ከዓይኗ እስከ አገጯ ሁለት መስመር ወርዷል። «እማዬ! እማዬ፣ ክፈቺልኝ!» ትላለች።

«ወይኔ ሆዴ! በሳቅ ገደለችኝ እኮ!» አለ አለቃ። «ነገ በትምህርት ቤቱ የፊልም ውድድር አዳራሹ ይደበላለቃል። ሽልማቱ የእኛ ነው በቃ!»

መቀስም እንደ መሳቅ ብላ ነበር። ዓይኗን ግን ከስክሪኑ አንስታ ኪቦርዱ ላይ ተክላለች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ «የዱቄት ሙሽራ» ፊልም ለመባል ራሱ የሚያፍር ፊልም ነው። የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ እያሳደደች የምትበላ ሙት ሙሽራ! ቬሎዋ የመስኮት መጋረጃ፣ ደሟ የቀይ ሥር ውሃ፣ ቢላዋዋ ካርቶን። ወንበሩ ብቻውን ተንቀሳቀሰ በሚባልበት ቦታ የሚጎትተው ክር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከመቃብር ተነስታ የመጣችው ሙሽራ እግሯ ላይ ያደረገችው ስኒከር ነው። አንዱ ልጅማ ሁለቴ ይሞታል፤ ለምን እንደሆነ የጻፈው አለቃም አያውቅ። ግን ሆን ተብሎ ነው። ደህና ካሜራ የሌለው ሰው የሚያስፈራ ፊልም አይወጣለትም፤ በሚያስፈሩት ላይ ማሾፍ ግን ማን ይከለክለዋል?

ሙሽራ ሆና የምትሠራው የመቀስ የአክስቷ ልጅ ናት፤ አሁን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሙሽሪት ነው የሚላት። እናቷ ካረፈች ወዲህ እነመቀስ ቤት ትኖራለች፤ ሁለቱ አንድ ክፍል ይጋራሉ። ዝምተኛ ናት። መብራት ከጠፋ ደግሞ አትተኛም፤ እናቷ የሞተችው መብራት በጠፋበት ሌሊት ነበር። እንዲህ ዓይነት ርካሽ አስፈሪ ፊልም ሲያዩ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። «ኧረ ጭራቁን እይው! ሰዓት አስሯል!» ትልና አልጋው ላይ ትንከባለላለች። «እንደዚህ ከሆነማ ምንም አያስፈራኝም» ብላም ነበር አንዴ። አለቃ ሙሽራ የሚሆን ሰው ሲፈልግ እጇን ያወጣችው ለዚህ ነው። ክፍል ውስጥ እጅ ስታወጣ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ታዲያ ጨለማ እንደምትፈራ ለአለቃ የነገረው ማን ነው? መቀስ ናታ! እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «በእሷ መብራት እንቅልፍ አጣሁ እኮ» ብላ። አለቃ ሰምቶ በልቡ ያዘው። ቀረጻ ላይ ግን ሙሽሪትን የተሰባበሩ ዴስኮች የሚከማቹበት መጋዘን ውስጥ አስገባና «ስናንኳኳ ትወጫለሽ» አላት። ከዚያ በሩን ከውጭ ቀረቀረው፤ መብራቱንም አጠፋው። መቀስን ዝም በይ ብሎ በጣቱ ምልክት ሰጣትና በበሩ የተሰበረ መስታወት በኩል ስልኩን እንድታስገባ ጠቆማት። መጀመሪያ ከውስጥ ማንኳኳት ተሰማ። ቀጥሎ በሩ ተደበደበ። ከዚያ ያ ጩኸት መጣ። መቀስ የስልኩን መብራት አብርታ ቀረጸች። እጇ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። የሚያንገበግባትም እሱ ነው።

በሩ ሲከፈት ሙሽሪት «አስደነገጣችሁኝ እኮ» ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ቧንቧው ጋ ሄዳ፣ ዱቄቱ ከፊቷ ካለቀ በኋላም ስትታጠብ ቆየች።

«ስማ አለቃ፣ ይሄን ቦታ ባወጣውስ?» አለች መቀስ።

ሳቁ ቀጥ አለ። «ምን?»

«እየተወነች አይደለም እኮ። እናቷን ነው የምትጣራው።»

«ማን ያውቃል? ሰው የሚያየው ትወና ነው። ደግሞ እሷ ራሷ ስቃለች፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ቦርሳውን አነሳ። «ይሄ ከወጣ ምን ይቀረናል? ዱቄትና ክር!»

«መጀመሪያም ዱቄትና ክር ነበር።»

«በናትሽ አታበላሺብኝ። ጠዋት ፍላሹን ይዘሽ ነይ» ብሏት ወጣ።

ቤት ስትደርስ ሙሽሪት ወንበር ላይ ቆማ፣ ያጠበችውን መጋረጃ መስኮቱ ላይ መልሳ እየሰቀለች ነበር።

«አክስቴ ነገ ፊልሙን ልታይ ልትመጣ ነው» አለች ሳትዞር። «የምጮህበት ቦታ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«ያስቃል?»

«እነሱ ስቀዋል።»

ሙሽሪት ከወንበሩ ወረደች። «እስቲ አሳይኝ።»

መቀስ ላፕቶፑን ከፈተችላት። ሙሽሪት ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አየችው። ለካ የመጋረጃውን ጫፍ አልለቀቀችውም፤ እጇ ውስጥ ጨምድዳዋለች።

«ድምፄ የሕፃን ይመስላል» አለች። የመጋረጃውን ጫፍ ለቀቀችና «ተይው፣ ይግባ። ሰው ከሳቀ ምን አለበት? እውነት እንደሆነ ማንም አያውቅ» አለች።

«እኔ አውቃለሁ።» መቀስ ፊቷ ጋለ። «ጨለማ እንደምትፈሪ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ገብቶኛል» አለች ሙሽሪት። «ከአንቺ በቀር ማን ያውቅ ነበር?»

ቁጣ እንኳ የለባትም። ብትጮህባት፣ ብትሰድባት ይሻል ነበር። መቀስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ይቅርታ ማለት አልበቃ አላት። ወደ ላፕቶፑ ዞራ ያችን ቁራጭ አወጣቻት። ከዚያ ከላፕቶፑም ከስልኩም አጠፋቻት፤ አጥፍታም ዳግም እንዳትገኝ አረጋገጠች።

«አለቃ ይገድልሻል» አለች ሙሽሪት።

«ይግደለኝ።»

«በቦታው ምን ልታስገቢ ነው?»

መቀስ ወጥ ቤት ገብታ በሳህን ዱቄት ይዛ መጣች፤ ፊቷ ላይ ደፋችው። የተሰቀለውን መጋረጃ አውርዳ ተከናነበችና የካርቶኑን ቢላዋ ይዛ ልብስ ማስቀመጫው ቁም ሳጥን ውስጥ ገባች። «መብራቱ እንደበራ ይሁን» አለች፤ ስልኩን ለሙሽሪት እያቀበለች። «አንቺ ቅረጪ። በሩንም አንቺ ነሽ የምትከፍቺው፤ ስትፈልጊ።»

ሙሽሪት ቶሎ አልከፈተችም። መቀስ ውስጥ ሆና እየጠበቀች፣ ኮት ፊቷ ላይ ተንጠልጥሎባት፣ በበሩ ቀዳዳ የምትገባዋን ብርሃን ስታይ ቆየች። በፈለገችው ሰዓት ገፍታ መውጣት የምትችልበት ቁም ሳጥን ነው፤ እንዲያም ሆኖ ደስ አይልም።

በሩ ተከፈተ።

«ኡኡኡ! ሒሳብ አልሠራሁም!» ብላ ጮኸች መቀስ። በጣም መጥፎ ጩኸት ነበር፤ የታነቀች ዶሮ ትሻላለች። የኮቱ እጅጌ ጭንቅላቷ ላይ ቀርቷል። ሙሽሪት ሳትስቅ ትቀርጻለች። መቀስ ካርቶን ቢላዋዋን ስታነሳ ዱቄቱ አፍንጫዋ ገባና አስነጠሳት፤ ነጭ ደመና ክፍሉን ሞላው። ያኔ ሙሽሪት ፈነዳች። ሳቋን ልትይዝ ብትሞክር በአፍንጫዋ ወጣ፤ ስልኩም ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ሳቁ ሲበርድ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠች። «ተቀይሜሻለሁ» አለች፤ ፊቷ ገና ሳቅ ሳቅ እያለው። «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ።»

«አውቃለሁ።»

ሙሽሪት መጋረጃውን ለማራገፍ ወደ ውጭ ስትወጣ መቀስ አዲሷን ቁራጭ ቦታዋ አስገባቻትና አየቻት። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የመቀስ ጩኸት እንደ አለቃ ልብ የሚሆን አይደለም፤ ነገ አዳራሹ ጭጭ ሊል ይችላል፣ አለቃም ዳግም ላያናግራት ይችላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከካሜራው ጀርባ የሌላ ሰው ሳቅ ይሰማል፤ ማንም ደህና ቆራጭ የማያልፈው ስህተት።

መቀስ ጠቋሚውን ወስዳ ሳቁ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አቆመችው። አንዴ ደግማ ሰማችው። ከዚያ እንዳለ ተወችውና ወደ ፍላሹ ገለበጠችው።