ቁም ሳጥኗ

«ወደ ኋላ ተደገፊ! እንዳትለቂው!»

ኢዛርቤ የረጅሙን ጥቁር መቀነት ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ሌላው ጫፍ ጓደኛዋ ኬራልት ወገብ ላይ ነው። ኬራልት እንደ እንዝርት እየተሽከረከረች ወደ እሷ ስትመጣ መቀነቱ ወገቧ ላይ ይጠመጠማል። ካልጠበቀ ዋጋ የለውም፤ በእሷ ላይ ተረማምደው ወደ ላይ የሚወጡት ሕፃናት የሚረግጡት እሱን ነው።

«ይቺ ልጅ ንቅንቅም አላለች እኮ!» አሉ የኬራልት አያት ሲስኬት። «እኔ ባለፈው እሑድ ስይዝላት በአፍጢሜ ልደፋ ነበር።»

ኢዛርቤ አፈረች። አንገቷን ደፍታ ትከሻዋን ሰበሰበች። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷም ጎኗም ግን ከክፍሏ ወንዶች ሁሉ ይበልጣል። በምትኖርበት ከተማ በኡዌስካ ያሉት የክፍሏ ልጆች «ቁም ሳጥን» ብለው ነው የሚጠሯት። ይህ ስም ከወጣላት ወዲህ ጎንበስ ብላ መሄድ ለምዳለች፤ ጎንበስ ማለት የሚያሳንሳት ይመስል!

ከኬራልት ጋር የተዋወቁት በትምህርት እረፍት ካምፕ ውስጥ ነበር። የቅዱሳን ቀን ዓርብ ላይ ዋለና ሦስት ቀን እረፍት ሲገኝ፣ ኢዛርቤ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ኬራልት ከተማ ወደ ሬውስ መጣች። ትናንት ሁለቱም የእግራቸውን ጥፍር አረንጓዴ ሲቀቡ ኬራልት የሆዷን ዘረገፈችላት። ባለፈው እሑድ ግንቡ ወድቋል። ግንብ የሚሉት ሰው በሰው ትከሻ ላይ እየቆመ እስከ ሰባት ደርብ የሚወጣውን ነው፤ ኬራልት አምስተኛው ላይ ናት። መውጣቱን በደንብ ወጥተው ነበር። ሲወርዱ ተንቀጠቀጠና ተደረመሰ። የሚወደቀው ሥር በታጨቀው ሰው ላይ ስለሆነ ማንም አልተጎዳም፤ ኬራልት ግን ያንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ራሷን ስትበላ ከርማለች።

አሁን የመቀነቷን ጫፍ እየወሸቀች፣ «ዛሬም ከወደቀ የቡድኑን ሸሚዝ እመልሳለሁ» አለች።

«አትቀልጂ!»

«የምሬን ነው። አንቺ ብቻ ቅረጪልኝ። እኔ እንደሆንኩ በዓይኔ ልየው። ቃል ግቢ።»

«እሺ በቃ፣ ቃሌ ነው።»

አደባባዩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኢዛርቤ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ወጥታ ስልኳን አወጣች። የጓደኛዋን ቪዲዮ እንደምትልክ ነግራቸው ነበርና የክፍሏ ልጆች ቀድመው ጽፈውላታል። «ቁም ሳጥን፣ የታለ ቪዲዮው? ነው ወይስ ጓደኛ አለኝ ያልሽው ውሸት ነው?» ጥርሷን ነከሰች። ዛሬ ታሳያቸዋለች።

የቡድኑ አሠልጣኝ ረመይ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ወጥታ ትጮኻለች። «በዚህ በኩል ሳስቷል! ግማሹ ሰው በጉንፋን ተኝቷል! ጎበዝ፣ ሥር ግቡልኝ!»

ሰዎች ዘንቢላቸውን እያስቀመጡ ገቡ። ቦታው ግን አልሞላም። የረመይ ዓይን ዞሮ ዞሮ ኢዛርቤ ላይ አረፈ።

«አንቺ ነጭ ቲሸርት! ያ ትከሻ እዚያ ላይ ምን ይሠራል?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ኢዛርቤ ሳቁን ጠበቀች። የሳቀ አልነበረም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ መንገድ ለቀቁላት።

«እኔ... ልቀርጽላት ቃል ገብቻለሁ» አለች።

«ቀራጭማ ሞልቶኛል! የቸገረኝ ትከሻ ነው።»

ኢዛርቤ ኬራልትን ፈለገቻት። በባዶ እግሯ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ቪዲዮ ከመውደቅ አያድናትም። ኢዛርቤ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ከመቀመጫው ዘለለች።

ሥሩ ሰው በሰው ነው፤ ላብ ላብ ይሸታል። ከፊቷ አያት ሲስኬት ነበሩ።

«ደረትሽን ጀርባዬ ላይ! እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ። አገጭሽን ደፋ አድርጊ፤ ደግሞ ወደ ላይ እንዳታዪ።»

«ታዲያ ምን ላይ እንደደረሱ በምን አውቃለሁ?»

«ጆሮሽ የት ሄዶ!»

የዋሽንቱ ዜማ ተጀመረ። እግሮች ጀርባዋን፣ ትከሻዋን እየረገጡ ወደ ላይ ወጡ። ክብደቱ እየጨመረ መጣ። ከዚያ ዜማው ተለወጠና አደባባዩ በጩኸት ተናጋ፤ ከሁሉ በላይ የምትወጣው ትንሿ ልጅ ጫፍ ላይ ሆና እጇን አንሥታለች ማለት ነው።

«ተሳካ!» አለች ኢዛርቤ።

«ዝም በይ!» አሉ ሲስኬት። «ሳይወርዱ ምን ተሳካ? ያለፈውስ መቼ መውጣት አቃተን!»

መንቀጥቀጡ ወዲያው መጣ። ከበስተግራዋ አንዱ ደክሞት ላላ አለ፤ ክፍተት ተፈጠረ፤ የሲስኬት ጀርባ ወደዚያ መንሸራተት ጀመረ። ኢዛርቤ መንቀጥቀጡን ደረቷ ላይ አወቀችው። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ላይ ሊሄድ ነው፤ ኬራልት ጋ ሊደርስ።

«ያዙ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ዓመት ሙሉ ስትሰበስበው የኖረችውን ትከሻ ዘረጋችው። እግሯን ተክላ፣ ያንን ሁሉ ቁመትና ጎን አንድ ላይ አድርጋ ገፋች። ጭኗ ተቃጠለ። ክፍተቱ ተዘጋ፤ መንቀጥቀጡም እሷ ላይ ደርሶ ቆመ።

ዋሽንቱ አላቋረጠም። አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር። አንድ እግር ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ እግር። ኢዛርቤ ቀና አላለችም፤ በዓይኗ ጠርዝ ግን አምስት አረንጓዴ ጥፍሮች አየች። ረግጠዋት አለፉ።

ከዚያ በኋላማ ያልተቃቀፈ አልነበረም። ሲስኬት የማያውቁትን ሰው ሁሉ እየሳሙ ዞሩ። ኬራልት እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ወረድን! ሳንወድቅ ወረድን! ቀረጽሽኝ?»

«አልቀረጽኩሽም። አላየሁሽምም። ሥር ነበርኩ።»

«ሥር? አንቺ?» አለች ኬራልት።

«ስሚኝ፣» አለች ኢዛርቤ፣ «መንቀጥቀጡ ካንቺ አይደለም። ከታች ነው የሚነሣው። ዛሬም መጥቶ ነበር፤ አንቺ ጋ ሳይደርስ ያዝነው።»

«የእውነትሽን ነው?»

«በደረቴ ነው የያዝኩት እኮ!»

ኬራልት ሳቀች፣ አለቀሰች፣ አፍንጫዋን በሸሚዟ እጅጌ ጠረገች፤ ሸሚዙንም እመልሳለሁ አላለችም። ቆይታ የኢዛርቤን ነጭ ቲሸርት ስታይ ጮኸች። ትከሻዋ ላይ የጠቆረ የእግር ምልክት አለ፤ አምስቱም ጣቶች ቁልጭ ብለዋል።

«የኔ ነው! ነይ ልጠብልሽ።»

«እንዳትነኪው!»

ኢዛርቤ ስልኳን አውጥታ የትከሻዋን ፎቶ አነሣች። ከሥሩ፣ «ቁም ሳጥኗ ከግንቡ ሥር ቆማ ነበር» ብላ ጻፈችና ለክፍሏ ልጆች ላከችው። መልሳቸውን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

ረመይ ቡድኑን ለፎቶ እየሰበሰበች ነው። «ነጭ ቲሸርት፣ አንቺም ነይ! ረጃጅሞች ከኋላ!»

ኢዛርቤ ከኋላ ሄዳ ቆመች፤ ቀና ብላ።