ያልተደፋው ጉንጉን

የሱራዋን ወንዝ ሽቅብ መፍሰስ የጀመረው ቅዱሱ ጉንጉን በተሰረቀ ማግስት ነው። ዓሣው ከባሕር ወደ ተራራ ተገፋ፤ የሩዝ ማሳው ተሰነጠቀ፤ ሕዝቡም መዓት መጣብን ብሎ አለቀሰ።

በሱራዋን የተዋጊ ማዕረግ በመቀነት ቀለም አይታወቅም። መምህሩ ከቀይና ከነጭ ክር የተገመደውን ይህን ጉንጉን በተማሪው ራስ ላይ ደፍቶ ሲያወልቅለት ያ ሰው ተዋጊ ሆኖ ወደ ዓለም ይወጣል፤ ካልተደፋለት ግን አንበሳ ቢጥልም ተማሪ ነው። የተደፋውን የሚያወልቀው የመምህር እጅ ወይም ሞት ብቻ ነው። አንዴ ከሌላ ሰው ራስ ያወለቀ ደግሞ ለዘላለም መምህር ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ አይዋጋም፣ ጉንጉንም አይደፋለትም።

ኔራያ ሰባት ዓመት ጠብቃለች። ከእሷ ኋላ የመጡት ሁሉ ደፍተው ሲወጡ መምህር ፋላን እሷን አንድ ቀን እንኳ «ነይ» አላሏትም። ይህ አንጀቷን አሳርሮታል። ሌባው የቀድሞ ተማሪያቸው ኮራሙ መሆኑ ሲታወቅ ከሁሉ ቀድማ ተነሳች።

«በመምህሬ ስም እምላለሁ፤ ጉንጉኑን ሳልይዝ ይህን ደጅ አልረግጥም» አለች።

«ይዘሽው ከተመለስሽ በገዛ እጄ እደፋልሻለሁ» አሉ መምህሩ፣ ከታመሙበት አልጋ ሳይነሱ።

ጀልባ ቀዛፊዋ ሻይራ ኮራሙ ወደ ሸሸበት ተራራ አብራት ሄደች። «ወንዙ ራሱ ሽቅብ እየወሰደን መቅዘፊያ ምን ያደርጋል? እንደ ሙሽራ ቁጭ በይ» እያለች ስታሾፍባት፣ በሦስተኛው ቀን ባለ ሁለት ራስ አዞ ጀልባዋን ለሁለት ሰበራት። ሻይራ በዚያው መቅዘፊያ መንጋጋውን ወጥራ ኔራያን ወደ ዳር ገፋቻት። ሁለቱም ተረፉ፤ የሻይራ እግር ግን ተሰበረ። የቀረውን ዳገት ኔራያ ብቻዋን ወጣችው።

ኮራሙ ከተራራው አናት ላይ ተቀምጧል። ጉንጉኑን ራሱ ለራሱ ደፍቶት ስለነበር፣ አልወልቅ ብሎ ግንባሩን ይሰረስረዋል፤ ደሙ በዓይኑ ላይ ይወርዳል።

«ካልሞትኩ አይወልቅም። ከቻልሽ ነይ ግደይኝ» አላት።

ከግጥሚያ በፊት፣ እንደ ወጉ፣ ሁለቱም ለመምህራቸው የስግደት ጭፈራ አቀረቡ። እርምጃቸው አንድ ነበር። ኮራሙ ጨርሶ ሲቆም ኔራያ ገና አላበቃችም፤ መምህሩ ጠዋት ጠዋት እንዳለማመዷት በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ፣ መዳፏን ዘርግታ ሦስት ጊዜ ዞረች። ኮራሙ ክንዱን አወረደ።

«ይህ የመምህር ስግደት ነው» አለ። «ሃያ ዓመት ለምኛቸው ከልክለውኛል።» ከዚያም በጉልበቱ ወደቀ። «እመቤቴ፣ ያውልቁልኝ።»

ኔራያ በጣም ተናደደች፤ ካወለቀችለት መምህር ሆና ትቀራለች፣ ጉንጉኑም ፈጽሞ አይደፋላትም። አንድ ምት ይበቃው ነበር፤ እሱ ከሞተ ጉንጉኑ ይወልቃል፣ እሷም አገር እያየ ትደፋዋለች። ሰባቱን ዓመት አሰበችና ቡጢዋን አነሳች። የተንበረከከ ሰው መምታት ግን አልሆነላትም። እያለቀሰች ጣቶቿን ዘርግታ አወለቀችለት። ወዲያው ወንዙ ቁልቁል መፍሰስ ጀመረ።

ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላት። መምህር ፋላን በሰው ተደግፈው ምንጣፋቸው ላይ ተቀመጡና ጉንጉኑን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ራስሽን ዝቅ አድርጊ፣ ልጄ።»

«አይሆንም፣ መምህር። ከኮራሙ ራስ ያወለቅሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ጉንጉኑን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ያዘገየሁብሽ ሳትበቂ ቀርተሽ አይደለም» አሉ። «የደፋ ሁሉ ይሄዳል። አንቺ እንድትሄጂብኝ አልፈለግሁም።»

ኔራያ ይቅር ልትላቸው አልቻለችም። መምህሩ ከመምህር በቀር ሌላ ሰው ተቀምጦበት በማያውቀው ምንጣፍ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ጥቂት ቆማ ተቀመጠች።