ሞተሩ ተነስቶ ነው የሚለካው

ኦሊያድ መኪናውን መጥላት የጀመረው የናሆምን ስም የሰማ ዕለት ነው።

ከዚያ በፊት ይወደው ነበር። ከወንጌላዊት ጋር ያስተዋወቀው እኮ ያ አሮጌ ክሬም ቀለም መርሴዲስ ነው። አንድ ቀን የቤት ኤሌክትሪክ ዘርግቶ ወደ ሰፈሩ ወደ ባህል አዳራሽ ሲመለስ፣ አንዲት ልጅ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ፣ ኮፈኑን ከፍታ፣ ሞተሩን ስትገላምጠው አየ። የላላ የባትሪ ገመድ ነበር። አጥብቆላት መኪናው ሲነሳ ሳቀች። ያ ሳቅ ዓመት ሙሉ እሷ ወደምትኖርበት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሲያመላልሰው ከረመና በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። እሺ ተባለ።

መኪናው የሟቹ አባቷ የአቶ ሽበሺ ነው። ሰሞኑን አውቶማቲክ ካምቢዮው አስቸግሯል፤ ማርሽ ሲቀይር ይዘገያል፣ ዳገት ላይ ይንሸራተታል።

«ዘይቱና ፊልትሮው መቀየር አለበት» አለች ወንጌላዊት። «አባዬ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር የሚቀይረው። ከናሆም ጋር።»

«ናሆም ማነው?»



«ከአንተ በፊት የነበረ ሰው ነው። እናቱ የጴንጤ ልጅ አልፈልግም አሉ፣ የኔም ዘመዶች ኦርቶዶክስ አንፈልግም አሉ። ለያዩን። አሁን ከከተማ ወጣ ብሎ ቱላ ያስተምራል።»

ተጣላን አላለችም። ጠላሁት አላለችም። ለያዩን ነው ያለችው። ኦሊያድ ይህን ቃል ይዞት ሄደ፤ መሰላል ላይ ሆኖ ሽቦ ሲያያይዝም አልለቀቀውም። ሰው የለያየው ፍቅር መቼ ነው የሚያልቀው?

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ፊልትሮ፣ ማሸጊያ ጓርኒሲዮንና ዘይት ገዝቶ መጣ። «እኔው እሠራዋለሁ» አለ።

መኪናውን አቮካዶው ዛፍ ሥር በክሪክ አንስቶ፣ ድጋፍ አስገብቶለት፣ ከሥሩ ገባ። የጠቆረውን ዘይት አፈሰሰ። የካምቢዮውን ዘይት መያዣ ኮፓ አውርዶ አጠበ፣ ፊልትሮውን ቀየረ። እውነት ለመናገር ጥሩ እየሠራ ነበር። የወንጌላዊት እናት ወይዘሮ አስካለ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲያዩት ቆዩና፣

«ልጄ፣ ያንን ናሆምን ብንጠራልህስ? እጁ ለምዶታል» አሉት።

«አይጨነቁ እማማ፣ እጨርሰዋለሁ።»

ፊቱ ጋለ። እናቲቱም አልረሱትም ማለት ነው።

መኪናውን አውርዶ አዲሱን ዘይት ሞላ። መጠኑን ለመለካት ሞተሩን ሊያስነሳ እጁ ቁልፉ ላይ ነበር። ወንጌላዊት ቀረብ ብላ፣

«ሞተሩ ተነስቶ ነው የሚለካው፣ እሺ? ጠፍቶ ከተለካ ያሳስታል። ናሆም ሁሌ ይለው ነበር» አለች።

እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ወርዶ፣ በጠፋ ሞተር፣ የመለኪያውን ዘንግ መዞ አየ። ሙሉ ይላል።

«በቂ ነው» አለ።

አስነስቶ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ነዳጁን ረገጠው። አሁንም ረገጠው። የሆነ ነገር መሽተት ጀመረ።

«አቁም! ኦሊያድ፣ አቁም!»

በመስኮቱ እጇን አስገብታ ሞተሩን አጠፋችው።

«ስነግርህ ሰምተኸኛል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

 ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የአባቴን መኪና ልታቃጥለው የነበረው የሰው ስም ስለጠራሁ ነው? ነገ ስንጋባስ፣ ስንት ስም ነው እየዋጥኩ የምኖረው?»

ገብታ በሩን ዘጋችው። እሁድ ስልኳን አላነሳችም።

ሰኞ ኦሊያድ ቱላ ሄደ። ሌላ ማድረግ የሚችለው አልታየውም። ናሆምን በትምህርት ቤቱ ዘበኛ አስጠርቶ በሩ ላይ ሲጠብቅ፣ እጅጌው ጠመኔ የነካው ረጅም ሰው ወጣ። መልከ መልካም ነው። ኦሊያድ ይህን ባያይ በወደደ።

ስለ መኪናው ሲነግረው ናሆም ፊቱ ተለወጠ።

«ወንጌ ላከችህ?»

ወንጌ። ኦሊያድ እንዲህ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

«አልላከችኝም። በራሴ ነው የመጣሁት።»

አብረው ግቢው ሲገቡ ወንጌላዊት በረንዳው ላይ ወጣች። ኦሊያድ ዓይኗን ተከተለ። ናሆም ላይ አረፈ፣ ወደ መሬት ወረደ፣ ከዚያ እሱ ላይ መጥቶ ቆየ። ተመልሳ ገባች።

ሁለቱ ሰዎች መኪናው ሥር ጎን ለጎን ተኙ። ኮፓውን እንደገና አወረዱ። ናሆም ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተው።

«አልተጎዳም። ቶሎ ነው ያቆምከው።»

«እሷ ናት ያስቆመችኝ።»

ቡሎኖቹን መልሰው ማሰር ጀመሩ። ኦሊያድ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«አሁንም ትወዳታለህ?»

ናሆም አንዱን ቡሎን አጥብቆ ጨረሰ። «ያኛውን ቁልፍ አቀብለኝ» አለ።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ሰምቼሃለሁ።»

ድምፁ ሻክሯል። ኦሊያድ ቁልፉን አቀበለው። ሌላ አልጠየቀም።

ያፈሰሱትን ዘይት መልሰው፣ ሞተሩን አስነስተው ሲለኩት በጣም ጎድሎ ተገኘ። ሞሉት። ማርሽ ሲገባ መኪናው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ወይዘሮ አስካለ እልል አሉ። ምሳ ብላ ብለው ቢለምኑት ናሆም ክፍል አለኝ ብሎ ተነሳ። ወንጌላዊት እስከ በሩ ሸኘችው። ጥቂት ተነጋገሩ። የሚሉት ለኦሊያድ አልተሰማም፤ ዓይኑን ግን ከበሩ አላነሳም።

ተመልሳ መጥታ መሪውን ያዘች። «ግባ፣ እንሞክረው።»

ወደ ከተማው ሐይቅ ነዳች። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ ገበያው አጠገብ ቆመዋል። 

«ትወጂው ነበር?»

«በጣም።»

ኦሊያድ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«ከእሱ የለዩኝ ሰዎች ናቸው» አለች። «ቅዳሜ ግን አንተን ልተውህ የነበረው ማንም ሳይነግረኝ ነው። እኔው ራሴ። ዛሬ ከእሱ ጋር ስትገባ ሳይህ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት።» መኪናውን ዳር አስያዘችና ወደ እሱ ዞረች። «አሁንም ትቀናለህ?»

«እቀናለሁ። በሩ ላይ ስትቆሙ ልሞት ነበር።»

«ናሆም የሠርጋችሁን ቀን ንገሪኝ፣ እመጣለሁ ነው ያለኝ። ልጥራው?»

ኦሊያድ ብዙ አሰበ። ዘይት የጠጣ ጣቱን ደጋግሞ በሱሪው ጠረገ።

«ጥሪው» አለ በመጨረሻ። «ከኔ ራቅ ያለ ቦታ ግን ይቀመጥ።»

ወንጌላዊት ሳቀች። እንደ መጀመሪያው ቀን አድርጋ።

በሠርጉ ቀን ናሆም አልመጣም። ኦሊያድ ግን ድግሱ እስኪያበቃ በሩን በሩን ያይ ነበር፤ እንዲመጣ ይሁን እንዳይመጣ የሚፈልገው፣ ለራሱም አልታወቀውም።