ትንፋሽ ያጣው ሻንሲ

ሟቹ በሸራ ተሸፍኖ ከገንዳው ራቅ ብሎ ተኝቷል፤ ገንዳው ግን ሥራውን አላቋረጠም። የቀለጠ ዚንክ የሞላበት ገንዳ እንደ ቤት ምድጃ አይጠፋም። ከጠፋ ዚንኩ ይረጋል፣ ከረጋ ደግሞ ገንዳውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰው ሞተም ቆመም እሳቱ ከሥር ይነድዳል። ሠራተኞቹ ወደዚያ ላለማየት አንገታቸውን አዙረው፣ እግራቸውን እያቀያየሩ ቆመዋል።

መርማሪዋ የገባችው በዚህ መሃል ነው። ባልደረቦቿ «ጉንዳን» ይሏታል፤ አንዴ ከነከሰች አትለቅም ለማለት ነው። እኔ ብጠየቅ ስሙን የምሰጣት በሌላ ምክንያት ነበር፤ ሴትዮዋ መቀመጥ አታውቅም። ወንበር ሲያቀርቡላት አመስግና ዙሪያውን ትዞረዋለች።

«ማናቸው?» አለች ሸራውን ገለጥ አድርጋ ካየች በኋላ።

«ነካሪያችን ናቸው» አለች የድርጅቱ ባለቤት። ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላት፣ ከባሏ ሞት በኋላ ሥራውን ብቻዋን ታግላ ያቆመች ሴት ናት። «አሮጌ መኪና ይመጣልናል። የሥር አጽሙን ሻንሲውን፣ በሩን፣ ፓራፋንጎውን እንፈታለን፤ ዝገቱን በአሲድ እናጥባለን፣ ጨው ውሃ ውስጥ እናሳልፈዋለን። ከዚያ እሳቸው ዚንክ ውስጥ ይነክሩታል። ሁለተኛ አይዝግም። የዛሬው ሻንሲ ግን ገና ፊቱ ሲገባ ፈነዳ። ዚንኩ ላያቸው ላይ ተረጨ።»

«ብረት ለምን ይፈነዳል?»

የመለሰው ክሬን ኦፕሬተሩ ነበር፤ የአካሉ ርዝመት የሚያሳፍረው ይመስል ጎንበስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ሻንሲ ውስጡ ክፍት ነው፤ አየርና እርጥበት አለው። ያ ሁሉ በዚህ ሙቀት መውጫ ካጣ እንደ ቦምብ ነው። ለዚህ ነው ቀድመን የምንበሳው።»

«ይሄኛው አልተበሳም?»

«በያጁ በስቶታል። ነካሪው ጋሼ ራሳቸው ጠዋት ሲጋራ ለኩሰው በአንዱ ቀዳዳ ጭሱን እፍ አሉበት፤ በሌላው ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲጋራ አያጨሱም እኮ። ለዚህ ብቻ ነው የሚገዙት።»

መርማሪዋ ገንዳውን እየዞረች ወለሉ ላይ ከተበተነው ብረት መሃል አንዱን ስባሪ አነሳች። ላዩ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃል። መሃሉ ላይ ግን ቀለበት የመሰለ ጥቁር ነገር አለ፤ ከቀለበቱ ውስጥ ደግሞ በብየዳ የተደፈነ ቀዳዳ።

«ይህ ጥቁሩ ምንድነው?»

«ዚንክ ያልያዘው ቦታ ነዋ» አለ ክሬን ኦፕሬተሩ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ዚንክ የተቃጠለ ብረት አይዝም።»

«ከአሲዱ በፊት ቢበየድ ኖሮ አሲዱ ቃጠሎውን ያጥበው አልነበረም?»

«ያጥበው ነበር።»

«ስለዚህ የተደፈነው ከታጠበ በኋላ፣ ከመነከሩ በፊት ነው። በዚያ መሃል ምን ነበር?»

«ምሳ» አለች እትዬ።

ክሬን ኦፕሬተሩ አንገቱን ደፋ። ወደ ምሳ ሲሄድ በአዳራሹ መስኮት ሰማያዊ የብየዳ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል አይቶ ነበር። በያጁ እየሠራ መስሎት አለፈ። ይህን የተናገረው እየከበደው ነው፤ በያጁ የሟቹ አማች ነውና። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ሰው ፊት ተጯጩኸዋል። በያጁ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሚስቱን ይዞ ሊሄድ ነው፤ አማቱ ደግሞ «ልጄን ነፍሰ ጡር ሆና የትም አትወስዳትም» ብለውት ነበር።

በዚያው ከሰዓት በያጁ ታሰረ። የሟቹ ልጅ ሆዷን ይዛ ስትመጣ አባቷን በሸራ፣ ባሏን በካቴና አገኘቻቸው። ማልቀሱን እንኳ ለማን እንደምታለቅስ ግራ ገባት። መርማሪዋ ብዙ ለቅሶ አይታለች፤ ከዚህኛው ግን ፊቷን አዞረች። ባልየው ጥፋተኛ ከሆነ ይህች ልጅ የምትወልደው የአያቱን ገዳይ ልጅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስባሪውን ይዛ በያጁ ወደታሰረበት ሄደች።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ክሊኒክ። ሚስቴ ቀጠሮ ነበራት፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት፤ እሷ ሳትወጣ የሥራ ሰዓት ደርሶብኝ ተመለስኩ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ማን ልብ ይለዋል?»

ስባሪውን ሰጠችው። በያጁ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ተመለከተው፤ መታሰሩን ለአፍታ የረሳ መሰለ። «ይሄ የማነው? ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ በእኩል ርቀት። ከዚያ ተመልሶ መሃል መሃሉን ሞልቶታል። እኔ ብሆን አንዴ ዞሬው እጨርሳለሁ።»

«ሆን ብለህ አበላሽተኸው ቢሆንስ?»

«ይሄ እኮ የተበላሸ አይደለም፤ የተለፋበት ነው። ላዩንም በሞረድ አለስልሶታል። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው ለምን ያለሰልሰዋል?»

መርማሪዋ መዞሯን አቆመች። ይህ እሷም ያላሰበችው ጥያቄ ነበር። ቀዳዳውን የደፈነው ሰው እንዲያምር ፈልጓል፤ ያ ሻንሲ እንዲያምር ከማንም በላይ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ሰው ነው።

የመኪናው ባለቤት ልብስ ሰፊ ነው። ሠራተኞቹ «ሙሽራው» ይሉታል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሻንሲውን ሊጎበኝ በየቀኑ ይመጣ ስለነበር ነው። አባቱ ያችን የጭነት መኪና እየነዱ ነው ሰባት ልጅ ያሳደጉት። ልብስ ሰፊው አባቱ ከሞቱ በኋላ ቆማ ከቀረችበት ሣር ውስጥ አስወጥቷት፣ ሙያ የሚጠይቀውን ለባለሙያ ሰጥቶ የቀረውን ማታ ማታ በገዛ እጁ እየቆረጠ እየበየደ ሲጠግናት ነበር።

ሱቁ ጠባብና ሞቃት ነው። ከበሩ ትይዩ ያልተጨረሱ ኮቶች ተሰቅለዋል። ልብስ ሰፊው በዚያ ሙቀት ካፖርት ደርቦ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዞ ተቀምጧል።

«አሞዎታል?» አለች መርማሪዋ።

«ትናንት ማታ እንቅጥቅጥ ሲያደርገኝ አደረ። አሁን ተሽሎኛል። ድንጋጤ ነው መሰለኝ፣ አፌንም ጣፋጭ ጣፋጭ ይለኛል፤ ሳንቲም የጎረስኩ ይመስል።»

«ትናንት ወደዚያ ብቅ ብለው ነበር?»

«ኧረ የት! ሱሪ ሳስተካክል ነው የዋልኩት። የሰማሁትም ከሰው ነው።»

«ቀዳዳዎቹን እንዴት አዩአቸው? የአባትዎ መኪና ተበሳሳ አይደል።»

ልብስ ሰፊው ወተቱን አስቀመጠ። «እውነት ለመናገር አልወደድኩትም። ነግሬያቸውም ነበር። እኔ ቀዳዳ ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ።» ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው።

መርማሪዋ ከዚያ ወጥታ ክሬን ኦፕሬተሩን ከግቢው በር ላይ ያዘችው።

«ወተት የሚጠጣ ሰው ታውቃለህ?»

«አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይጠጣል» አለ ግራ እየተጋባ። «የዚንክ ጭስ የሳበ ሰው ማታውን ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ይጣፍጠዋል፤ በማግስቱ ይለቀዋል። ወተት ይረዳል ይባላል። እኛን አይነካንም፣ ለምደነዋል። እትዬም ያው ናት፣ ቢሮዋ ከገንዳው በላይ ነው።»

«ገንዳው አጠገብ ያልደረሰ ሰውስ ሊይዘው ይችላል?»

«ከየት አምጥቶ? ጨው ውሃ ያለፈ ብረት ላይ ካልበየደ በቀር። የኛ ጨው የወጥ ጨው አይደለም፣ ዚንክ አለው፤ እሳት ሲነካው ነጭ ጭስ ነው የሚሆነው። እኛ አንሞክረውም።»

ቀብሩ በዚያው ቀን ተፈጸመ። ከቀብር መልስ መርማሪዋ ሁሉንም ወደ አዳራሹ አስጠራቻቸው። እትዬ ጥቁር ሻሿን እየፈታች ታስራለች፤ ክሬን ኦፕሬተሩ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው ካፖርቱን እንደለበሰ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ልጅቷን ብቻ ሰው ደግፎ አስቀምጧታል። ገንዳው ሙቀቱን ወደ ፊታቸው ይልካል፤ ማንም አንድ ቦታ ረግቶ መቆም አልቻለም።

«እትዬ፣ ነካሪው ለቀው ወደ ሌላ ድርጅት ሊሄዱ እንደነበር ያውቃሉ?» አለች መርማሪዋ።

«አውቃለሁ። ለምኛቸዋለሁም።»

«አንተስ? ከእንግዲህ ነካሪው ማን ነው?» አለች ወደ ክሬን ኦፕሬተሩ ዞራ።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ ክሬን ኦፕሬተሩ። «በዚህ ዓይነት ግን አልፈልገውም።»

«ምክንያት ሁላችሁም አላችሁ። በያጁም አለው። ስለዚህ ምክንያቱን ተውኩትና ብረቱን ጠየቅኩ።» ስባሪውን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ቀዳዳው የተደፈነው ሻንሲው ከታጠበና ጨው ውሃ ካለፈ በኋላ ነው፤ ምሳ ሰዓት። የደፈነው ሰው የተጣደፈ አይደለም። በነጥብ በነጥብ ይዞ፣ ሞልቶ፣ በሞረድ አለስልሶታል። ከዚህ ቤት አንድም ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ሊገድል የፈለገም አያደርግም። ይህ ሰው ብየዳን ለብቻው የተማረ ነው፣ ውበት ይፈልጋል። ያ ነጭ ጭስም ለእሱ አዲስ ስለሆነ ማታውን ሲንቀጠቀጥ አድሯል፤ አፉም ጣፍጦታል።»

ክሬን ኦፕሬተሩ ዞሮ ልብስ ሰፊውን አየው። እትዬም አየችው።

«ብርድ መታኝ እንጂ» አለ ልብስ ሰፊው። «ብርድ ወንጀል ነው እንዴ?»

የመለሰችለት ልጅቷ ናት፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ጋሼ፣ ዛሬ መቃብሩ ላይ አቅፈውኝ ‹ባልሽ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው› አላሉኝም?»

ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ሻንሲዋን ብቻዋን ተሰቅላ አየኋት» አለ በመጨረሻ። «ንጹህ ሆና፣ እንደ አዲስ። ፊቷ ላይ ግን ሁለቱ ቀዳዳዎች። ዚንኩ ሲሸፍነው አይታይም አልኩ። ይፈነዳል ብለውኛል፣ አልዋሽም። ግን ኋላዋ ላይ ሌሎች አሉ፣ እነሱ ይበቃሉ ብዬ . . .»

«የፊቱ ክፍል እኮ ለብቻው የተዘጋ ነው» አለ ክሬን ኦፕሬተሩ። «ከኋላው ጋር አይገናኝም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ትናንት ምሳ ላይ አላወቁም» አለች መርማሪዋ። ያን ጊዜ ቁጣዋ በግልጽ ተሰማ። «ነካሪው መሞታቸውን ሲሰሙ ግን አወቁ። በያጁ ሲታሰርም አወቁ። ለደፈኑት ቀዳዳ ሕግ የሚለውን ይላል። ለዝምታዎ ግን እኔ ራሴ ምን እንደምልዎ አላውቅም።»

«የአባቴን መኪና . . .» ብሎ ጀምሮ ልጅቷን አየ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

በያጁ የተፈታው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ልጅቷ ከጣቢያው በር ውጭ ቆማ ጠበቀችው። ሲወጣ ጢሙ አቆጥቁጦ፣ ቀበቶውን በእጁ ይዞ ነበር።

«ቀበራችኋቸው?» አለ።

«ቀበርናቸው።»

ቀበቶውን ለማሰር ሞከረ፤ ግማሽ ላይ ተወው። እኚያ ሽማግሌ ናቸው ብየዳ መያዝ ያስተማሩት።

«አንተ ነህ ብዬ አምኜ ነበር» አለችው። ልትደብቀው ትችል ነበር፤ ማንም አይነግርባትም።

«አውቃለሁ» አለ። «የሌሎቹ እስረኞች ሚስቶች ምግብ ይዘው ሲመጡ፣ አንቺ ስትቀሪ ገባኝ።»

ይቅር እንዲላት ጠበቀች። ቢቆጣም ትቀበለው ነበር። እሱ ግን መንገዱን ግራና ቀኝ አየ፣ ከዚያም ወደ እሷ ሳይዞር «ርቦኛል» አላት። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ከጎኑ መራመድ ጀመረች።