ሦስተኛው ዝላይ

«ግን ለምንድን ነው የሚገለበጠው?» አለች አስናቀች።

ወይንእሸት እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም። ሁለት ሦስተኛን ለአራት አምስተኛ አካፍሉ የሚለውን ጥያቄ፣ ሁለተኛውን ክፍልፋይ ገልብጣ በማባዛት ጨርሳ መልሱን አስምራበታለች። አንድ ለአምስት በሚባለው የጥናት ቡድን ውስጥ አለቃዋ እሷ ናት። ሌሎቹ አራት የቡድኑ ልጆች መልሱን ቀድተው ወጥተዋል። አስናቀች ግን አልሄደችም።

«ምኑ?»

«ይሄ የታችኛው ወደ ላይ፣ የላይኛው ወደ ታች የሚሄደው። ገልብጡ ሲሉን እንገለብጣለን፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገረን የለም። አንቺ ቀለሜዋ ነሽ፣ ንገሪኛ።»

ክፍልፋይ ማካፈልን ሌሎቹ የተማሩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ወይንእሸት ስድስተኛን አልተማረችም፤ ዘልላዋለች። መጽሐፉን ክረምት ላይ ተውሳ ዘዴውን ባንድ ከሰዓት ሸምድዳው ነበር።

«ሕጉ ነው» አለች። ከዚያ፣ ለምን እንደጨመረችው ለራሷም ሳይገባት፣ «ብነግርሽም አይገባሽም።»

አሥራ አምስት ዓመት የሞላት አስናቀች የአሥራ ሁለት ዓመቷን አለቃ ትክ ብላ አየቻት። ደብተሯን ዘጋች። «እሺ፣ እትዬ» አለችና ወጣች።

ወይንእሸት ሰባተኛ ክፍል የደረሰችው በሁለት ዝላይ ነው። ቢቸና እያለች ከሦስተኛ ወደ አምስተኛ ደብል መታች። ለሁለተኛ ጊዜ እንድትዘል የቢቸናው ትምህርት ቤት እምቢ ሲል አባቷ ሞጣ፣ እህታቸው ዘንድ ላኳት፤ የሞጣው ዳይሬክተር አቶ ታዘበው ፈትነው ስድስተኛን አዘለሏት። ሲወራ ደስ ይላል። ሲኖሩት ግን የዕረፍት ሰዓት የሚባል ነገር አለ።

የዕረፍት ሰዓት ከትምህርቱ ይልቅ ይረዝምባት ነበር። ትልልቆቹ ሴቶች ከክፍሉ ጀርባ ተሰብስበው ሲያወሩ ጠጋ ካለች «ሕፃን አለች» ይባባሉና ወሬው ይቆማል። ክፋት የለባቸውም፤ ለጨዋታቸው ትንሽ ሆናባቸው ነው። እኩዮቿ ደግሞ ከግቢው ማዶ ገመድ ይዘላሉ፤ እነሱ ዘንድ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቦታ የለም። ስለዚህ ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን ትታጠባለች። እጁን የሚታጠብ ሰው ብቻውን ቢቆም ማንም ለምን አይለውም። በዚያ ዓመት ሞጣ ውስጥ የእሷን ያህል ንጹሕ እጅ የነበረው ተማሪ መኖሩን እንጃ።

ያን ዕለት አርብ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አቶ ታዘበው ቢሮ አስጠሯት። የሂሳብ መምህሯ ቲቸር ሀይማኖትም እዚያው ነበሩ። የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ተደምሮ ወይንእሸት ከሰባተኛ ክፍሎች ሁሉ አንደኛ ወጥታለች።

«ከሰኞ ጀምሮ ስምንተኛ ትገቢያለሽ» አሉ አቶ ታዘበው። «ዘንድሮውኑ ሚኒስትሪ ትፈተኛለሽ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት የሚያውቀውን ሲሰማ መክረም የለበትም።»

«እሱን እኔም አምናለሁ» አሉ ቲቸር ሀይማኖት። «ግን መሄድ የሚቻለው ወደ ፊት ብቻ ነው እንዴ? እዚሁ ከጓደኞቿ ጋር ትቆይ። ከክፍል በኋላ ጠለቅ ያለ ነገር እኔ እሰጣታለሁ፤ መጽሐፉ ላይ የሌለ።»

«የትኞቹ ጓደኞቿ?» አሉ አቶ ታዘበው።

ሊያስከፏት ብለው አልነበረም፤ እውነት ለማወቅ ነው የጠየቁት። ወይንእሸት ጫማዋን አየች። በመጨረሻ ራሷ አስባበት ሰኞ እንድትመልስ ተስማሙ።

እውነቱን ለመናገር መዝለል ትወድ ነበር። ሌላው ገና መጽሐፉን ሲገልጥ እሷ ጨርሳ፣ ዴስክ ላይ ተደፍታ መጠበቅ ያንገሸግሻታል። ደግሞም በዘለለች ቁጥር እሷን የምትመስል አንዲት ልጅ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የምትጠብቃት ይመስላታል። አምስተኛ ስትገባ አልነበረችም። ሰባተኛም አልነበረችም። ምናልባት ስምንተኛ ትኖር ይሆናል። ይህን እያሰበች ሳለ ግን የአስናቀች ጥያቄ እየመጣ መሀል ላይ ይገባባታል።

ቅዳሜ ጠዋት ለቁርስ የተገዙትን ሦስት ዳቦዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ እያንዳንዱን አራት ቦታ ቆረጠችው። ሦስት ዳቦ ውስጥ ስንት ሩብ አለ? አሥራ ሁለት። ለካ ሦስትን ለሩብ ማካፈል ሦስት ጊዜ አራት የሚሆነው ለዚህ ነው። ደስታው ፊቷን አሞቀው። ከዚያ ለሁለት ሦስተኛ ሞከረች፤ ቁራሹ ይተርፋታል፣ የተረፈው ምን እንደሚባል ይጠፋታል።

«ዳቦውን ለማን ነው እንዲህ የከተፍሽው? ሰው ጠርተሻል?» አለች አክስቷ ፈንታነሽ።

«የምጠራው ሰው የለኝም።»

አክስቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

እሑድ በአክስቷ ስልክ ቢቸና ደወለች። አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን የቅኔ መምህር ናቸው። የስምንተኛ ክፍሉን ወሬ አርብ ማታውኑ ከአክስቷ ሰምተዋል።

«ለደብሩ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ» አሉ። «ወይንየ ሚኒስትሪ ልትቀመጥ ነው ብየ።»

«አባየ፣ እርስዎ ቅኔ ሲማሩ ዘልለው ያውቃሉ?»

«ቅኔ ምኑ ይዘለላል! እንዲያውም ተቀኝቸ ስጨርስ መምህሬ ‹አሁን ሌላ መምህር ዘንድ ሂድና እንደገና ጀምር› አሉኝ። ሄድሁ። ጢም አብቅየ ከልጆቹ ጋር ተቀምጨ፣ የመጀመሪያዋን፣ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃናን ጀመርሁ። ታናናሾቹን ሳስጠና ደግሞ የማላውቀውን ይጠይቁኛል።»

«አላፈሩም?»

«ሰንብቸ ሰንብቸ ለመድሁት። ቅኔ የገባኝም ያን ጊዜ ነው።»

«ታዲያ እኔስ?»

«ያንቺማ ሌላ ነው» አሉ ፈጠን ብለው። «ያንቺ የመንግሥት ትምህርት ነው። አንቺ እለፊ፣ ልጄ።»

ስልኩን ለአክስቷ መልሳ ጓሮ ወጣች። አባቷ እንዲያ ደስ ብሏቸው አያውቅም፤ ደስታቸው ግን ቢቸና ነው ያለው፣ ዕረፍት ሰዓት ላይ አብሯት አይቆምም።

ሰኞ ጠዋት አስናቀች ከሁሉ ቀድማ መጥታ ኋላ ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ወይንእሸት በዴስኮቹ መሀል አልፋ አጠገቧ ቆመች።

«አርብ ዋሽቼሻለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«አይገባሽም ያልኩሽ እኔ ስላልገባኝ ነው።»

አስናቀች ቀና አለች። «አንቺ? ያልገባሽ?»

«ለሩብና ለግማሽ ገብቶኛል፤ ዳቦ ቆርጬ አይቼዋለሁ። ለሁለት ሦስተኛ ግን እምቢ አለኝ።»

«ዳቦውስ?»

«በላነው።»

አስናቀች ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አልቻለችም። ቂሟ ግን ገና አልወጣላትም። «ደደብ ነኝ ማለት ነው ብዬ ስበግን ነው የሰነበትኩት፣ ታውቂያለሽ?» አለች። ወይንእሸት ይቅርታ አለቻት። አስናቀች ፈቀቅ አለችላት፤ ከደብተሯም አንድ ወረቀት ገንጥላ ሦስት ቦታ አጠፈችው። ወይንእሸት ጎኗ ተቀመጠች። እግሯ ወለሉን አልነካም። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ።

ገና መስመር ሳያሰምሩ የክፍሉ አለቃ በበሩ ብቅ አለ። «ወይንእሸት፣ ዳይሬክተሩ ይጠሩሻል። ቦርሳሽን ይዘሽ ነይ ብለዋል።»

አስናቀች እጇን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «ስምንተኛ ልትገቢ ነው አይደል? ሁሉም አውርቶታል።»

ማታ ስልክ ላይ የአባቷ ድምፅ እንዴት ቀዝቀዝ እንደሚል ለወይንእሸት ከአሁኑ ይሰማታል። ለደብሩ ሰው ምን ይሉ ይሆን? ከዴስኩ ወረደች። ቦርሳዋን አንስታ ትንሽ ያዘችውና ዴስኩ ስር፣ አስናቀች እግር አጠገብ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ጠብቂልኝ» አለች። «ሁለት ሦስተኛውን ብቻሽን እንዳትሠሪው፤ መጣሁ።»