እዚሁ ይቆይልኝ

መጀመሪያ ያወራነው ስለ ጥርስ ብሩሽ ነው።

ከኮሌጅ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ በአክስቴ ላውንደሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት አዲሷ ፋርማሲስት ባመጣችው ነጭ ጋውን ኪስ ውስጥ ብሩሹን አገኘሁት። ልትወስድ ስትመጣ በሁለት ጣቴ ይዤ አሳየኋት።

«ይሄ የእርስዎ ነው?»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ነጥቃኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ሞኙ ደግሞ ቀልድ ጨመርኩበት።

«ጥርስዎ ለምን እንደሚያበራ አሁን ገባኝ!»

ገላመጠችኝ። ከዚያ ሳታስበው ሳቀች... አይ ሳቅ! ያን ቀን የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ።

«አንቺ በለኝ» አለች ስትወጣ። «ጋውኑ ነው ያስረጀኝ።»

ከዚያ ወዲህ ተመላለሰች። አንዱን ልብስ ትሰጣለች፣ አንዱን ትወስዳለች። «ደርሷል» ስላት ግን፣ «እዚሁ ይቆይልኝ» ትላለች።

አክስቴ ከመተኮሻው ጀርባ ሆና ትታዘበናለች። «ልብሱ ሳይቆሽሽ ነው የሚመጣው» አለችኝ። «ልጅቷ የቸገራት ሳሙና አይመስለኝም!»

እኔም አመንኩ። ሰማያዊ ቀሚሷን፣ ግራጫ ሹራቧን፣ ካፖርቷን ለወንበሬ ቅርብ በሆነው የመስቀያ ጫፍ ሰበሰብኳቸው። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል። ቀና እላለሁ። እሷ አይደለችም...

አንድ ምሽት ዝናብ ጣለ። ካፖርቷን እያለበስኳት፣ «ቤትሽ ድረስ ላድርስሽ?» አልኳት።

«አይሆንም!» ድምጿ ተሰበረ። «ሰው እንዲከተለኝ አልፈልግም።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። ሰው አላት ማለት ነው አልኩ። በነጋታው አንቺ ማለቱን ተውኩት።

«ልብስዎ ደርሷል።»

«ተጣላን?»

«አይ... ቤት የሚጠብቅዎት ሰው ያለ ስለመሰለኝ ነው።»

የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች።

«አለ» አለች። «ስለሚጠብቀኝ ነው የማልገባው።»

አንዴ ከጀመረች ማቆም አልቻለችም።

«ይሄ መስቀያ ቁም ሳጥኔ ነው። የምተኛው መድኃኒት ቤቱ መጋዘን ውስጥ፣ በካርቶኖቹ መሃል ነው። ባሌ እጁ ይፈጥናል። ሰው ፊት ግን ማር ነው! እህቴ ጋ ሸሽቼ ነበር። ‹ትዳር ገመና ነው፣ ቻይው› ብላ ራሷ ደወለችለት። መጥቶ ወሰደኝ። ሁለተኛ ስወጣ ሥራዬንም ሰፈሬንም ለውጬ፣ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።»

እጅጌዋን ወደ አንጓዋ ሳብ አደረገች። ያ የጥርስ ብሩሽ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ቤት አልባ ሲባል የሚታየኝ አስፋልት ዳር የተኛ ሰው ነበር። ልብሷ እንዲህ የተተኮሰ ሴት አልነበረችም። የምተኩስላት ደግሞ እኔው ነኝ!

«እኔ ጋ ነይ» አልኳት። «አልጋውን እለቅልሻለሁ...»

ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እንዳትለኝ እፈራ ነበር። እንድትለኝም እመኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አሁን እወድሃለሁ ብልህ፣ መጠጊያ አጥታ ነው ትላለህ። አንተ ባትል እኔ እላለሁ። መጀመሪያ ቁልፉ የእኔ ብቻ የሆነ በር ይኑረኝ። ያኔ ልቤ የሚለኝን አምነዋለሁ።»

የመተኮሻው እንፋሎት ከቆመ ቆይቷል። አክስቴ ሁሉንም ሰምታለች።

«ልብስ ሰፊዋ ጓደኛዬ ጓሮዋ ውስጥ የምታከራየው ክፍል አላት» አለች። «ወሬ አታበዛም፣ በሯም ጠንካራ ነው። አንተ ደግሞ፣ እስክትጠራህ ድረስ ያን ሰፈር እንዳትረግጥ!»

ፋርማሲስቷ ልብሶቿን በሙሉ ሰብስባ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ለምን ትምጣ? አሁን የራሷ ማጠቢያ፣ የራሷ ገመድ አላት። ደስ አለኝ፣ ደግሞም አንገበገበኝ። ያን የመስቀያ ጫፍ ለሌላ ደንበኛ ልብስ አልሰጠሁትም። አክስቴ አይታ እንዳላየች ሆነች። ጠዋት ጠዋት ፋርማሲስቷ መድኃኒት ቤቱን ስትከፍት ከማዶ እጇን ታነሳለች፣ እኔም አነሳለሁ። በመሃላችን ያለው አንድ መንገድ ባሕር ሆነብኝ።

«ጋውኗን አበላሽታ ነው የምትተኩሰው» አልኩ አንድ ቀን።

«ናፍቆት መሆኑ ነው ይሄ?» አለች አክስቴ። «ቻለው!»

ክረምቱ ወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተከፈተ፤ ባዶ እጇን ገባች።

«ምን ልቀበልሽ?» አልኳት።

«ዛሬ የምሰጠው የለኝም። ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«መስቀያው ላይ ያንቺ ነገር የለም እኮ።»

«ከመስቀያው አጠገብ የተቀመጠውን ነው።»

«ደረሰኝ ይዘሻል?» ብላ ጮኸች አክስቴ ከውስጥ።

ወደ ክፍሏ ስንሄድ በመንገድ ላይ፣ «ፍርድ ቤቱ ፍቺውን አጸደቀ» አለችኝ። «ነፃ ከወጣሁ በኋላ ትንሽ ቆየሁ። ለብቻዬ፣ በሬን ቆልፌ፣ ምንም ሳልፈራ። አንተ ግን አሁንም ናፈቅከኝ። ያኔ ነው ልቤን ያመንኩት።»

በሯን በራሷ ቁልፍ ከፈተች። ገባችና በሩን ወለል አድርጋ ተወችው። እኔ ደፉ ላይ ቆምኩ። ቀሚሱ ወንበር ላይ ተጥሏል፣ ሹራቡ አልጋው ላይ ተጨማዷል፣ ጋውኑ ወለሉ ላይ ነው። ብሩሹ መስኮቱ ጋ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል።

«ምነው እንዲህ ተዝረከረከ?»

«ቤቴ ነዋ!» አለች። ያው የመጀመሪያ ቀን ሳቋ ነው። «ግባ።»

ገባሁ።