የኮረብተኞቹ ፈረሰኞች

መምህሩን ያገኟቸው በመጻሕፍት ክፍሉ ወለል ላይ ነው። በቀኝ ጎናቸው ተጋድመው፣ አንድ እጃቸውን ከጉንጫቸው ሥር አድርገው፣ ለሚያያቸው ሰው ሸለብ ያደረጋቸው ይመስሉ ነበር። አጠገባቸው የእንጨት መሰላል ወድቋል። ከኋላቸው የቆመው የብረት ቁም ሣጥን ጠርዝ ላይ ደም አለ፤ ብዙ አይደለም። በአንድ ጫፏ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ የሆነችው እርሳሳቸው እንደ ሁልጊዜው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብላለች። ቀዩ ለስሕተት፣ ሰማያዊው ለ«ጎሽ» ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ ሲያስተምሩ በዚህ እርሳስ ነው ያረሙት።

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ ተንበረከከች። በዚያ ሳምንት ሦስተኛው አስከሬን ነው። ከቤቷ ስትወጣ ለባሏ «ዛሬስ በጊዜ እመጣለሁ» ብላው ነበር፤ እሱም ማመኑን ከተወው ቆይቷል።

«ከመሰላል ወድቀው ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ በሩን ተደግፎ። «ማዞር ቢጤ ይሆናል። ዕድሜም አለ።»

«ያገኟቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ጨዋታው ሲያልቅ ልጠራቸው መጣሁ።»

በዚህ መሐል የመምህሩ ታናሽ እህት ደረሰች። አላገቡም፤ ሁለቱ ወንድምና እህት በአንድ ቤት ነው ያረጁት። አልጮኸችም። ወንድሟን ከራሱ እስከ እግሩ ቀስ ብላ አየችው፤ ዓይኗ እግሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«መሰላል ላይ ነበር አላችሁ?»

«አዎ፣ እትዬ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ታዲያ ጫማው እግሩ ላይ ምን ይሠራል?»

መርማሪዋ ቀና አለች። «እንዴት ማለትሽ ነው፣ እህቴ?»

«ልጅ ሳለን ከአባታችን ጣሪያ ጫማው አንሸራቶት እግሩ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ጫማም ካልሲም ሳያወልቅ አንድ ደረጃ መሰላል አይወጣም። አምፖል ሊቀይር እንኳ ወንበር ላይ ሲወጣ ያወልቃል። ‘ልትጸልይ ነው?’ እያልኩ እስቅበት ነበር።» ዓይኗን ከጫማው አላነሳችም። «ስቄበታለሁ።»

የጫማው ማሰሪያ ሁለቴ ተቋጥሯል። መርማሪዋ ቋጠሮውን አይታ መሰላሉን አየች። ሰውየው ሲወድቁ ወለሉ ላይ ቆመው ነበር። መሰላሉን ያጋደመው ሌላ ሰው ነው።

ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ለብቻዋ የነገራት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ምቱ የደረሰባቸው ስምንት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ወዲያው ግን አልሞቱም። «ሃያ ደቂቃ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ተንፍሰዋል። ሰው ቢጠራላቸው ኖሮ…» ብሎ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቦርሳውን ዘጋ። መርማሪዋ ይህን ለእህትየው ልንገራት አልንገራት ስትል ዋለች።

መሥሪያ ቤቱ በአንድ ኮሪደር ላይ ያሉ አራት ክፍሎች ናቸው። የሚሠሩት የስልት ጌም ነው፤ ተጫዋቹ አንድ አገር ይዞ አምስት መቶ ዓመት ያስተዳድራል፣ ያርሳል፣ ይዋጋል፣ ይደራደራል። መምህሩ ጡረታ ሲወጡ የተቀጠሩት የጌሙን ታሪክ እንዲያርሙ ነበር። የየትኛውም ሕዝብ ወሰን፣ ባንዲራና ስም ያለ እሳቸው ፊርማ ወደ ጌሙ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሠራተኞች፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ካርታ ሠሪውና ፕሮግራመሯ፣ እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው በር ዘግተው አንድ ዙር ይጫወታሉ፤ መምህሩ ውጤቱን ያነባሉ። በዚያን ቀን ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ለሦስቱም በስክሪናቸው አንድ አጭር መልእክት ልከው ነበር፦ «ከጨዋታው በኋላ ስለ ኮረብተኞቹ ንጉሥ እንነጋገራለን።»

«የኮረብተኞቹ ንጉሥ ማነው?» አለች መርማሪዋ፣ ከሥራ አስኪያጁ ፊት ተቀምጣ።

«የጌማችን ጌጥ ነው። ኮረብተኞቹ ትንሽ ሕዝብ ናቸው፤ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ካርታ ሠሪያችን ከእነሱ ወገን ነው። አንድ የብራና ፎቶ አመጣ፤ ንጉሥ፣ ዙፋን፣ ሺህ ፈረሰኛ ያለበት። ጌሙን የሚገዛን ድርጅት ሲያየው ‘ይኼ የጌሙ ሽፋን ላይ ይውጣ’ አለ። ዓርብ እናስረክባለን።»

«መምህሩ ንጉሡን ከጌሙ ቢያወጡትስ?»

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ያልቅለታል። አዎ፣ ምክንያት ነበረኝ። ግን ስጫወት ነበር።»

«ጨዋታውስ እንዴት ነበር?»

«እኔ ባሕረኞቹን ነበር የያዝኩት። ኮረብተኞቹን ከያዘው ካርታ ሠሪ ጋር ተያይዘን ነበር። መሐል ላይ ፈረሶቹን ሰብስቦ ሽቅብ ሸሸ። ‘ምነው፣ ፈረሶችህ ጉንፋን ያዛቸው?’ ብዬ ጻፍኩለት። ዝም አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በስድብ ያጥበኝ ነበር።»

ፕሮግራመሯ ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ከልቅሶ ይሁን ከስክሪን አይለይም።

«ጋሼ ስንት ጊዜ አፍርሰውብኛል መሰለዎት?» አለች። «ሜዳ ላይ ያለውን መንግሥት ሦስቴ ሠርቼዋለሁ። ሦስቴ! ‘ልጄ፣ እነዚህ በዚያ ዘመን በቆሎ አያውቁም’ ይሉኛል። እሺ፣ በቆሎውን ነቀልኩ። ‘ልጄ፣ ይህ ድንበር የተሰመረው ኋላ ነው።’ እሺ። አንዳንዴ እጠላቸው ነበር። ምሳ ሳልበላ ከዋልኩ ግን ከራሳቸው ከፍለው በራፌ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር።»

«ከክፍላችሁ አንዳችሁ ወጥታችሁ ቢሆን ይታወቃል?»

«አንድ ተራ ደቂቃ ተኩል ነው። ያልተንቀሳቀሰ ሰው ካለ ጌሙ ለሁላችን ያሳውቃል። መዝገቡን አይቻለሁ፤ በስድሳውም ተራ ሦስታችንም ተንቀሳቅሰናል።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

ልጅቱ እንደደከመው ሰው ትከሻዋ ወረደ። «አለ። ለሙከራ ብዬ ያስገባሁት ቁልፍ አለ፤ ከተጫኑት ኮምፒውተሩ በእርስዎ ፈንታ ይጫወታል። መዝገቡ ላይ ምልክት አይተውም። ምልክት እንዲተው ማድረግ ነበረብኝ፤ ነገ ነገ ስል ቀረ። ሦስታችንም እናውቀዋለን፤ በዙሩ ጊዜ ግን ክልክል ነው።»

«ዛሬ የኮረብተኞቹ ፈረሶች ሸሽተዋል አሉ፤ የኮምፒውተሩ አጨዋወት ተቀይሮ ነበር?»

«እንዴት አወቁ? ጋሼ ዛሬ ጠዋት አንድ ገጽ ሰጡኝ። ኮምፒውተሩ ኮረብተኞቹን ሲያጫውት በዚያ ደንብ እንዲሆን አሉ። ‘ለጊዜው ለማንም አትንገሪ፣ መጀመሪያ እኔ ላናግረው’ አሉኝ።»

ካርታ ሠሪው ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ ያዛቸው።

«ተማሪያቸው ነበርክ አሉ።»

«ሦስት ዓመት። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ‘ንጉሥ የሌለው’ እያሉ ሲሰድቡኝ ‘ዝም በሉ’ ያሉልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

«መልእክታቸው አላስከፋህም?»

«ለምን ይከፋኛል? ማስረጃዬን አቅርቤያለሁ።»

«ጨዋታው እንዴት ነበር?»

ለአፍታ ፊቱ በራ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጠቃሁ። ፈረሰኞቼ አንዴም ፊታቸውን አላዞሩም። ኮረብተኛ አይሸሽም።»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን ከደነች። ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቀችውም።

ማምሻውን በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ የብራናውን ፎቶ አገኘችው። ንጉሡ በነጭ ፈረስ ተቀምጧል። በፈረሱ የፊት እግር ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ ክብ ተሰምሯል፤ ቀይ አይደለም። ከሥሩ በመምህሩ የተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት፦ «ይህን እጅ አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ደብተሩን አርሜያለሁ። የፈረስ ጉልበት ሲስል ሁልጊዜ ወደ ውጭ ያጥፈዋል። ሥዕሉ ግን ግሩም ነው።» ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጽሕፈቱን ሁለቴ አነበበችው። ማንንም ሊያሳፍር ያላሰበ ሰው ነበር፤ ደከማት።

በማግሥቱ ጠዋት አራቱን በትልቁ ስክሪን ፊት ሰበሰበቻቸው። እህትየው ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ማየቱን አፍሮ ተወው።

«አላስረዝምም» አለች መርማሪዋ። «መምህሩ ከመሰላል አልወደቁም። ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር ፊት ለፊት ቆመው ሲነጋገሩ ተገፉ። ቁም ሣጥኑ መታቸው። ሰውየው መሰላሉን አጋድሞ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ሁላችሁም ምክንያት ነበራችሁ። ሁላችሁም ‘ስጫወት ነበር’ ብላችኋል። እንግዲያው ጨዋታውን እንይ።»

ፕሮግራመሯ የትላንቱን ዙር ከፈተች። ተራዎቹ አንድ በአንድ አለፉ።

«ስምንት ተኩል ማለት ከሃያ አንደኛው ተራ ጀምሮ ነው። በዚያ ሰዓት ሥራ አስኪያጁ በየተራው ቀልድ ይጽፋል፤ ይቺ ልጅ ትመልስለታለች። ኮምፒውተር አይቀልድም፤ ሁለቱ በቦታቸው ነበሩ። አሁን ኮረብተኞቹን ተመልከቱ።»

በስክሪኑ ላይ ትንንሾቹ ፈረሰኞች ከሜዳው ተመለሱ። ሽቅብ ወጡ። ሴቶች፣ ልጆችና ከብቶች ወደ ገደሉ ሥር ገቡ፤ እህሉ ከዋናው ከተማ ወደ ዋሻዎቹ ተጓዘ። የባሕረኞቹ ጦር ባዶ መንደር ደርሶ ቆመ። እንዲህ ሆኖ ስድስት ተራ አለፈ። በሃያ ሰባተኛው ላይ ፈረሰኞቹ በድንገት ቁልቁል ተወርውረው በአንድ ጊዜ አለቁ።

«አንተ አንዴም አልሸሸሁም ብለኸኛል» አለችው።

ካርታ ሠሪው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ረስቼው ነው። ስልት ነበር።»

«እህሉንስ ወዴት ነበር የላክኸው?»

«ወደ… ወደ ቤተ መንግሥቱ።»

ዋሻዎቹ በስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«ልጄ፣ አሁን ኮምፒውተሩ ከዚያው ከሃያ አንደኛው ተራ ጀምሮ ያጫውተው» አለች መርማሪዋ። ፕሮግራመሯ ቁልፉን ተጫነች። ፈረሰኞቹ ተመለሱ፣ ሽቅብ ወጡ፣ እህሉ ወደ ዋሻ ሄደ። አንድ እርምጃ እንኳ አልተለየም።

«ይህ መምህሩ ትላንት ጠዋት ያሠሩት ደንብ ነው። አንተ አላወቅህም፤ ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው የሚያጠቃልህ መስሎህ ቁልፉን ተጭነህ ወጣህ። ስትመለስስ ፈረሶችህ ተራራ ላይ መሆናቸውን አላየህም?»

«ዓይኔ እጄን ነበር የሚያየው» አለ ካርታ ሠሪው። ድምፁ እንደ ሕፃን ሆኖ ነበር። «ልለምናቸው ነው የሄድኩት። ሁለት ደቂቃ። ‘ዓርብ ይለፍ፣ ከዚያ አውጡት’ ልላቸው። ፎቶውን አሳዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ‘ልጄ፣ ይህ የአንተ ፈረስ ነው’ አሉኝ። ገፋኋቸው። ከንዴት አይደለም… እንዳይናገሩ።»

«ሲተነፍሱ ሰምተሃል?»

ካርታ ሠሪው ወለል ወለሉን አየ። እህትየው ቀስ ብላ ዞረች። መርማሪዋ ልትነግራት ያልፈለገችውን አሁን ሰማች።

«ሰምተሃል ወይ ተብለሃል» አለችው።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

እህትየው ነጠላ እንደምታስተካክል ሁሉ እጇን ወደ ትከሻዋ አነሳች፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረም። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ሊፍቁን ነበር!» ብሎ ጮኸ ካርታ ሠሪው። «ገና በሽፋን ላይ ስንወጣ፣ ገና አባቴ ስማችንን ሊያይ፣ ባዶ መሬት ሊያደርጉን ነበር! ንጉሥ የሌለውን ሕዝብ በእንዲህ ያለ ጌም ውስጥ ምን ብለው እንደሚጠሩት አታውቁም? ‘ሽፍታ’! ማንም እየረገጠው የሚያልፈው!»

መርማሪዋ ከደብተሯ መሐል አንድ ገጽ አውጥታ ለፕሮግራመሯ ሰጠቻት። «መምህሩ የሰጡሽን አንብቢለት።»

ልጅቱ አነበበች። «ኮረብተኞች። ስማቸው በካርታው ላይ ይቆይ፤ ከጎረቤቶቻቸው ስም እኩል በሆነ ፊደል ይጻፍ። ንጉሥ አልነበራቸውም፤ የውሃ ዳኞች ነበሯቸው። ፈረስ አልነበራቸውም። ሦስት ጦር መጥቶባቸው ሦስቴ ወደ ላይ ወጥተው ሦስቴ ወርደዋል። ሦስቱም መንግሥታት ዛሬ የሉም። እነሱ አሉ። ተጫዋች ይህን ሕዝብ ከመረጠ ማሸነፍ ማለት መቆየት ይሁን።»

ሥራ አስኪያጁ አቀርቅሮ ነበር። «እንግዲህ ሽፋኑ…» ብሎ ጀመረ፤ እህትየው ስታየው አቆመ። «እንደጻፉት ይገባል» አለ። «ገዢው ከተወውም ይተወው።»

ፖሊሶች ገብተው ካርታ ሠሪውን ሲያስነሱት አልተከላከለም። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ፕሮግራመሯ ዞረ።

«በእነዚያ ስድስት ተራዎች ስንት ሰው አለቀብኝ?»

ልጅቱ መዝገቡን መክፈት አላስፈለጋትም። ሌሊቱን ሙሉ ስታየው ነው ያደረችው።

«አንድም» አለችው።